መሐሉ የማይሰምጥ የአሬራ ፓውንድ ኬክ፦ ከአሜሪካ ደቡብ የምግብ መጽሐፍ ወደ ቤትዎ ኦቨን

ከጆርጂያ፣ ከአላባማ ወይም ከቴነሲ የመጣ የምግብ መጽሐፍ እጅዎ ገብቶ፣ ፓውንድ ኬኩን ቃል በቃል እንደተጻፈው ሠርተው፣ መሐሉ ከሰመጠ ወይም ግማሹ መጋገሪያው ላይ ተጣብቆ ከቀረ ጥፋቱ የእርስዎ ላይሆን ይችላል። መጽሐፉ የተጻፈው ለሌላ ዱቄት፣ ለሌላ ቅቤና ለሌላ ከፍታ ነው። አትላንታ ከባሕር ወለል በላይ 320 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውኃም እዚህ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። አየሩ ሲሳሳ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ከሚገባው በላይ ይነፋል፣ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል፣ የቀረው ስኳር ይበረታና ኬኩ ገና ሳይጠና ይወርዳል።

ይህ መመሪያ የሚያሠራው አንድ ኬክ ብቻ ነው፦ በደቡቡ መጻሕፍት ሁሉ ማለት ይቻላል የሚገኘውን፣ አሬራ የሚገባበትን ፓውንድ ኬክ። ክሬም የለውም፣ አይደራረብም፣ አያጌጥም። ስለዚህ ስሕተትን የሚሸፍንበት ነገርም የለውም። ሥራው ከዝግጅት እስከ ማውጣት ሦስት ሰዓት ያህል፣ ማቀዝቀዙ ደግሞ ሌላ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ለእንግዳ ከሆነ አንድ ቀን ቀድመው ይጋግሩት።

ደረጃ 1፦ መጽሐፉን ከመጀመርዎ በፊት ይፍቱት

በቤተ ክርስቲያንና በሴቶች ማኅበራት የተሰናዱት የድሮ መጻሕፍት አንባቢያቸውን ጎረቤት አድርገው ስለሚቆጥሩት ብዙ ነገር ሳይናገሩ ያልፋሉ። እነዚህን ይወቁ።

አንድ «ካፕ» 237 ሚሊ ሊትር ነው። የቤትዎ የሻይ ብርጭቆ አይደለም፤ የውኃ ብርጭቆም አይደለም። አንድ «ስቲክ» ቅቤ 113 ግራም ነው። የሾርባ ማንኪያው 15፣ የሻይ ማንኪያው 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ማንኪያው ሁልጊዜ በቢላ ጀርባ ይደለደላል፤ የተቆለለ ማንኪያ ልኬት አይደለም።

መጽሐፉ «ሦስት ካፕ የተነፋ ዱቄት» ካለ መጀመሪያ ነፍተው ከዚያ ይለካሉ። «ሦስት ካፕ ዱቄት፣ የተነፋ» ካለ ግን ለክተው ከዚያ ይነፋሉ። በሁለቱ መካከል በአንድ ኬክ ላይ ከ50 ግራም በላይ ልዩነት ይመጣል፤ ይህ ብቻውን ኬኩን ሊያደርቀው ይበቃል።

«ሰልፍ ራይዚንግ» የተባለው ዱቄት ቤኪንግ ፓውደርና ጨው አስቀድሞ የተቀላቀለበት ነው። እርሱን የሚጠይቅ አሠራር ላይ ተራ ዱቄት ከጨመሩ ኬኩ አይነሣም። ይህ የእኛ ኬክ ግን አይፈልገውም።

በድሮዎቹ ላይ «ስዊት ሚልክ» ማለት ያልኮመጠጠ ተራ ወተት ነው እንጂ በቆርቆሮ የሚሸጠው ጣፋጭ ወተት አይደለም። «ኦሊዮ» ማርጋሪን ነው። «ስሎው ኦቨን» ካለ ከ150 እስከ 163 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ «ሞደሬት» ካለ ከ175 እስከ 190 ይያዙ። በፋራናይት የተጻፈ ቁጥር ሲያገኙ 32 ይቀንሱና በ5 አባዝተው ለ9 ያካፍሉ። 325 ፋራናይት 163 ሴንቲግሬድ ይሆናል ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ዕቃዎቹን ያሟሉ

የወጥ ቤት ሚዛን የግድ ነው። ሚዛን ሳይኖር ይህን ኬክ ደጋግሞ በአንድ ዓይነት ማውጣት አይቻልም፤ የቀረው ሁሉ ሊተካ ይችላል።

*ቅቤ።* ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ። ንጥር ቅቤ አይሆንም፦ ውኃው ወጥቷል፣ አየርም አይዝም፤ በቅመም የተነጠረ ከሆነማ ኬክዎ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይላል። ከገበያ የተገዛ ለጋ ቅቤም ውኃው አንድ ወጥ ስላልሆነ ይተዉት። ማርጋሪን ከተጠቀሙ 80 በመቶ ስብ ያለውን ጠንካራውን ይምረጡ። ዳቦ ላይ የሚቀባው ለስላሳ ማርጋሪን ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል።

*ዱቄት።* በደቡቡ የሚጋገረው ፕሮቲኑ ዝቅተኛ በሆነ ለስላሳ የስንዴ ዱቄት ነው። የእኛ ፉርኖ ዱቄት ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይጠነክራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከዱቄቱ ላይ 50 ግራም ቀንሰው በምትኩ 50 ግራም የበቆሎ ስታርች ይጨምሩና አብረው ሦስት ጊዜ ይንፉ። ጀርመን ያላችሁ 405 የሚል ቁጥር ያለበትን፣ አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ለኬክ ወይም ለቢስኪት የሚሸጠውን ለስላሳ ዱቄት ብትገዙ ስታርቹ አያስፈልግም።

*አሬራ።* መጽሐፉ «በተርሚልክ» የሚለው ነው። እርጎ ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ የሚቀረው አሬራ በትክክል ይሠራል፤ ነገር ግን አስቀድመው ያሽቱት። የወተት ዕቃው በወይራ የታጠነ ከሆነ ጢሱ ቫኒላውን ያሸንፈዋል። አሬራና አጓትን አያምታቱ፤ አጓት አይብ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ውኃማ ነገር ስለሆነ አይተካም። አሬራ ከሌለ ሦስት እጅ እርጎ በአንድ እጅ ወተት ያቅጥኑ፤ ወይም በ225 ሚሊ ሊትር ወተት ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምረው አሥር ደቂቃ ያቆዩት። ኮምጣጣነቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ቤኪንግ ሶዳውን የሚቀሰቅሰው እርሱ ነው። ያልኮመጠጠ ወተት ከጨመሩ ሶዳው ሳይሠራ ይቀርና ኬኩ ሳሙና ሳሙና ይላል።

*ስኳር።* ከሱቅ የምናገኘው ስኳር ቅንጣቱ ወፈር የሚል ከሆነ በመፍጫ ውስጥ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ያዙሩት። ዱቄት እስኪሆን ድረስ አይፍጩ፤ ቅቤው ውስጥ አየር የሚያስገባው የስኳሩ ጠርዝ ነው።

*እንቁላል።* መጽሐፉ «ስድስት እንቁላል» ሲል እያንዳንዱ ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ገደማ የሚመዝን ማለቱ ነው። የሐበሻ እንቁላል ከዚያ በጣም ያንሳል። ስለዚህ አይቁጠሩ፤ ይመዝኑ።

*መጋገሪያ።* መሐሉ ላይ ቱቦ ያለው ክብ መጋገሪያ፣ ቢያንስ 2.8 ሊትር የሚይዝ። ምን ያህል እንደሚይዝ ካላወቁ ውኃ እየለኩ ይሙሉት። መሐሉ ላይ ቱቦ የሌለው ጥልቅ ክብ መጋገሪያ ለዚህ ኬክ አይሆንም፤ ዳሩ ሲደርቅ መሐሉ ጥሬ ነው። ቱቦ ያለው ከሌለዎት ሊጡን 23 በ13 ሴንቲ ሜትር በሆኑ ሁለት የዳቦ መጋገሪያዎች ይክፈሉት።

ደረጃ 3፦ በአካባቢዎ ከፍታ ይለኩ

*ዝቅተኛ ቦታ፤ እስከ 900 ሜትር (አትላንታ፣ ዱባይ፣ ቴል አቪቭ፣ አብዛኛው አውሮፓ)*

- ቅቤ 226 ግራም
- ስኳር 600 ግራም
- እንቁላል ያለ ቅርፊቱ 300 ግራም
- ለስላሳ ዱቄት 360 ግራም (ወይም 310 ፉርኖ ዱቄትና 50 ስታርች)
- ቤኪንግ ሶዳ ሩብ የሻይ ማንኪያ
- ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ
- አሬራ 240 ሚሊ ሊትር
- ቫኒላ 2 የሻይ ማንኪያ
- ሙቀት 163 ዲግሪ፤ ከ75 እስከ 90 ደቂቃ

*አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ መቀሌና ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነ ሁሉ*

ቅቤው፣ ጨውና ቫኒላው ያው ነው። የሚለወጠው እነሆ፦

- ስኳር 530 ግራም
- እንቁላል 350 ግራም
- ዱቄት 385 ግራም (ወይም 335 ፉርኖ ዱቄትና 50 ስታርች)
- ቤኪንግ ሶዳ የሻይ ማንኪያ አንድ ስምንተኛ
- አሬራ 270 ሚሊ ሊትር
- ሙቀት 175 ዲግሪ፤ ከ65 እስከ 80 ደቂቃ

ሐዋሳ፣ አዳማና ባሕር ዳር ያላችሁ በሁለቱ መካከል ያዙ፦ ስኳሩን 560፣ ዱቄቱን 375፣ አሬራውን 255፣ እንቁላሉን 320 አድርጉና በ170 ዲግሪ ጋግሩ። ሶዳው ከሩብ ማንኪያ ትንሽ ጎደል ይበል። ድሬዳዋ ላይ የዝቅተኛውን ልኬት ተጠቅማችሁ ከስኳሩ 20 ግራም ብትቀንሱ ይበቃል።

ስኳር መቀነሱ የሚያሳስብዎት ጣፋጭነቱ ከሆነ አያስቡ፤ ቀማሽ አይለየውም። ስኳሩን ሳይቀንሱ በከፍታ ቦታ ከጋገሩ ግን መሐሉ መውረዱ አይቀርም።

የሻይ ማንኪያ አንድ ስምንተኛ የሚለካ ማንኪያ በአብዛኛው ቤት የለም። ሩብ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ለክተው ደልድለው ወረቀት ላይ ያፍስሱት፤ በቢላ ጫፍ አራት ማዕዘን አድርገው ያስተካክሉትና መሐሉን ይቁረጡት። ግማሹን ወደ ጣሳው ይመልሱ። ይህን ጊዜ «ትንሽ ቢበዛ ምን አለበት» አይበሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ያለው እርሱ ነው ኬኩን የሚያሰምጠው።

ደረጃ 4፦ ሁሉንም ወደ አንድ ሙቀት ያምጡ

ከሚከሽፉት ኬኮች ብዙዎቹ የሚከሽፉት እዚህ፣ ኦቨኑ ሳይበራ በፊት ነው።

1. ቅቤውን ከማቀዝቀዣ አውጥተው በትንንሹ ቆራርጠው ያቆዩት። የሚፈለገው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በድሬዳዋ ሙቀት ሃያ ደቂቃ እንኳ ሊበዛ ስለሚችል አጠገቡ ይሁኑ።
2. በጣትዎ ይጫኑት። ጣትዎ ምልክት ትቶ፣ ነገር ግን ሳይሰምጥ፣ ቅቤውም ሳያብረቀርቅ ከቀረ ደርሷል። ካብረቀረቀ መቅለጥ ጀምሯል፤ አሥር ደቂቃ ማቀዝቀዣ ይግባ።
3. እንቁላሎቹን ከነቅርፊታቸው ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ይዘፍዝፉ።
4. አሬራውን ከማቀዝቀዣ ቀድመው ያውጡ። ቀዝቃዛ አሬራ የተመታውን ቅቤ መልሶ ያጠጥረዋል።

ቅቤን በእሳት ወይም በማይክሮዌቭ ለማለስለስ አይሞክሩ። ውጩ ጠጣር መስሎ ውስጡ ይቀልጣል፤ አንዴ የቀለጠ ቅቤ መልሶ ቢረጋም አየር የመያዝ ኃይሉን አጥቷል። የቀለጠውን ለእንቁላል ፍርፍር ያውሉትና ሌላ ያውጡ።

ደረጃ 5፦ መጋገሪያውንና ኦቨኑን ያዘጋጁ

መጋገሪያውን በለሰለሰ ቅቤ ወይም በጠጣር የአትክልት ስብ በብሩሽ ይቀቡ። ቱቦውን እስከ ጫፉ መቀባት አይርሱ፤ ኬኩ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ዱቄት ነስንሰው እያዞሩ ሁሉም ቦታ እንዲደርስ ያድርጉ፤ ከዚያ ገልብጠው መታ መታ በማድረግ የተረፈውን ያራግፉ። ራቁቱን የቀረ ቦታ ካዩ እንደገና ቀብተው ይነስንሱ። ግርጌው የሚነቀል መጋገሪያ ከሆነ ሊጡ እንዳያንጠባጥብ ከውጭ በኩል በፎይል ይጠቅልሉት።

ኦቨኑን ቢያንስ ከሃያ አምስት ደቂቃ በፊት ያብሩ። መደርደሪያውን ከመሐል ዝቅ አድርገው ያስገቡ፤ ኬኩ ረጅም ስለሆነ መሐል ላይ ካስቀመጡት አናቱ ቀድሞ ይጠቁራል። የኦቨኑን መዘውር አይመኑ። ውስጥ የሚቀመጥ ርካሽ የኦቨን ቴርሞሜትር ይግዙ፤ መዘውሩ 175 እያለ ውስጡ 200 የሆነ ኦቨን ብርቅ አይደለም። አየር የሚያዘዋውር ማራገቢያ ያለው ከሆነ ማራገቢያውን ያጥፉት፤ የማይጠፋ ከሆነ 20 ዲግሪ ይቀንሱ።

አንዳንድ የደቡብ መጽሐፍ ኬኩን በቀዝቃዛ ኦቨን አስገብታችሁ አብሩ ይላል። ለዚያ የተሰናዳ አሠራር ካልሆነ አይከተሉት።

ደረጃ 6፦ ቅቤና ስኳር መምታት

1. ቅቤውን ብቻውን በመካከለኛ ፍጥነት ሁለት ደቂቃ ይምቱ።
2. ማሽኑ እየሠራ ስኳሩን በሾርባ ማንኪያ እየጨመሩ ይቀጥሉ። ስኳሩ ገብቶ ለማለቅ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ይውሰድ።
3. ማሽኑን አቁመው ጎድጓዳ ሳህኑን በጎማ ማንኪያ ከግርጌው ድረስ ይጥረጉ።
4. በዝቅተኛ ቦታ ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ፣ በአዲስ አበባ አራት ደቂቃ ብቻ ይምቱ። በከፍታ ቦታ ብዙ አየር ማስገባት ጥቅም የለውም፤ ኦቨን ውስጥ ራሱ ይበዛል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ። መጽሐፉ «እስኪነጣና እስኪኮፈስ ድረስ ምቱ» ይላል። በዚህ ኬክ ስኳሩ ከቅቤው ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሆነ ምን ቢመቱ አይኮፈስም። የሚያዩት እርጥብ አሸዋ የመሰለ፣ ጎድጓዳ ሳህኑ ዳር ላይ እየተቆለለ የሚፈራርስ ነገር ነው። ትክክል ነው። የሚጠብቁት መኮፈሱን ሳይሆን ቀለሙን ነው፦ ቢጫው ቅቤ ወደ ነጣ ያለ ክሬም ቀለም ሲለወጥ ያቁሙ። አልኮፈሰም ብለው ሃያ ደቂቃ ቢመቱት ግጭቱ ያሞቀዋል፣ ቅቤው ይቀልጣል፣ የገባውም አየር ይወጣል።

*ጎድጓዳ ሳህኑ ሲነካ ከሞቀ ወይም ውህዱ ካብረቀረቀ፦* እንዳለ ማቀዝቀዣ አስገብተው አሥር ደቂቃ ያቆዩና ለአንድ ደቂቃ መልሰው ይምቱ።

*ማሽን ከሌለ፦* በእንጨት ማንኪያ ይቻላል፤ ሩብ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ክንድ የሚለዋወጥ ሰው ይኑር።

ደረጃ 7፦ እንቁላል መጨመር

1. እያንዳንዱን እንቁላል መጀመሪያ ስኒ ላይ ይስበሩ። አንድ የተበላሸ እንቁላል ቅቤውንም ስኳሩንም ይዞ ይሄዳል።
2. አንድ በአንድ ይጨምሩ። የቀደመው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ሌላ አይጨምሩ፤ ለእያንዳንዱ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ይበቃል።
3. በየሁለት እንቁላሉ ሳህኑን ይጥረጉ።
4. በመጨረሻው እንቁላል ቫኒላውን ይጨምሩ።

ከሦስተኛው እንቁላል በኋላ ያ ሁሉ አሸዋ መሳይ ነገር ተለውጦ ለስላሳና ወፍራም ክሬም ይሆናል። መጽሐፉ የሚለው መኮፈስ የሚመጣው እዚህ ነው።

*ከተቆራረጠ፣ አይብ አይብ ከመሰለ፦* እንቁላሉ ቀዝቃዛ ነበር ወይም ተቻኩለዋል። ከለኩት ዱቄት ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወስደው ይጨምሩና ለአጭር ጊዜ ይምቱ። ካልተስተካከለ የሳህኑን ግርጌ ለብ ያለ ውኃ ላይ ለግማሽ ደቂቃ አስቀምጠው መልሰው ይምቱ። ትንሽ ተቆራርጦ ቢቀር እንኳ ይቀጥሉ፤ ዱቄቱ አብዛኛውን ይሰበስበዋል። በዚህ ደረጃ ኬክ የጣለ ሰው በከንቱ ጥሏል።

ደረጃ 8፦ ዱቄትና አሬራ እያፈራረቁ

ዱቄቱን ከሶዳውና ከጨው ጋር አስቀድመው ይንፉ። ከዚያ በዝቅተኛው ፍጥነት፦ የዱቄቱ አንድ ሦስተኛ፣ የአሬራው ግማሽ፣ ሌላ አንድ ሦስተኛ ዱቄት፣ የቀረው አሬራ፣ የመጨረሻው ዱቄት። ሁልጊዜ በዱቄት ተጀምሮ በዱቄት ያልቃል። ነጩ ዱቄት ሊጠፋ ትንሽ ሲቀረው ማሽኑን ያጥፉ፤ የቀረውን በጎማ ማንኪያ ከግርጌ ወደ ላይ እየገለበጡ በእጅዎ ይጨርሱ።

ከዚህ በኋላ አይምቱ። ዱቄት ከእርጥበት ጋር ተገናኝቶ ብዙ ሲመታ ይለጠጣል፤ ለዳቦ መልካም ነው፣ ለኬክ ግን አኝከው የማይጨርሱት ነገር ይሆናል። የተቆረጠው ኬክ ውስጥ ቁመት ያላቸው ረዣዥም ቀዳዳዎች ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሶዳው ከአሬራው ጋር እንደተገናኘ ሥራ ጀምሯል። ስልክ ቢጠራ አያንሡ።

ደረጃ 9፦ ማፍሰስ

ሊጡን በማንኪያ እየዞሩ መጋገሪያው ውስጥ ያስገቡ፤ ከመጋገሪያው ሦስት አራተኛ በላይ አይሙሉ። ከተረፈ በትንንሽ ኩባያዎች ለብቻው ይጋግሩት። ላዩን አስተካክለው መጋገሪያውን ፎጣ ላይ ሁለት ጊዜ መታ ያድርጉ፤ ትልልቆቹ የአየር አረፋዎች ይወጣሉ። ከሁለት ጊዜ በላይ አይምቱት፤ ደክመው ያስገቡትን አየር ነው የሚያስወጡት።

ደረጃ 10፦ መጋገር

የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ደቂቃዎች ኦቨኑን አይክፈቱ። ለማየት ብቻ ብለው ቢከፍቱትም ሙቀቱ ይወርዳል፤ ያልጠና ኬክ ደግሞ ከወረደ አይመለስም።

ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ አናቱ ከሚገባው በላይ ከጠቆረ ፎይል ላላ አድርገው ያልብሱት። አናቱ ዙሪያውን መሰንጠቁ የዚህ ኬክ ጠባይ ስለሆነ አይጨነቁ። ነገር ግን በስንጥቁ ውስጥ የሚያብረቀርቅ እርጥብ ሊጥ ካዩ ገና ነው።

መብሰሉን ለማወቅ በዳሩና በቱቦው መካከል፣ ስንጥቁ ላይ ሳይሆን ካልተሰነጠቀው ቦታ፣ ረጅም ስንጥር እስከ ግርጌው ያስገቡ። ጥቂት እርጥብ ፍርፋሪ ይዞ ከወጣ ደርሷል። ፍጹም ደረቅ ሆኖ ከወጣ አልፏል፤ ወዲያውኑ ያውጡት። የምግብ ቴርሞሜትር ያላችሁ በዝቅተኛ ቦታ 98 ዲግሪ ጠብቁ። አዲስ አበባ ላይ ግን 98 አትጠብቁ፤ ኬኩ ውስጥ ያለው ውኃ ከዚያ በፊት ስለሚፈላ ቁጥሩን እያሳደዳችሁ ታደርቁታላችሁ። 90 አካባቢ ሲደርስ በስንጥሩ አረጋግጣችሁ አውጡ።

ሁለት የዳቦ መጋገሪያ ከተጠቀሙ ከአርባ አምስተኛው ደቂቃ ጀምረው ይፈትሹ።

*መብራት ቢጠፋስ?* የኤሌክትሪክ ኦቨን ያለው ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። ዱቄቱና አሬራው ገና ካልተቀላቀሉ ችግር የለም፤ የተመታው ቅቤና እንቁላል ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ይጠብቃል። ኬኩ ኦቨን ውስጥ ከሆነ በሩን ጭራሽ አይንኩ። በአሥር ወይም በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ከተመለሰ ያንኑ ያህል ጊዜ ጨምረው ይቀጥሉ። ከስልሳ ደቂቃ በኋላ ከጠፋ በኦቨኑ ውስጥ የቀረው ሙቀት ሊጨርሰው ይችላል፤ ሩብ ሰዓት ቆይተው በስንጥር ይፈትሹ። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጠፍቶ ከቆየ ግን ኬኩ ይሰምጣል። መብራቱ ሲመጣ እስኪበስል ጋግረው፣ በቀጭኑ ቆርጠው፣ በቅቤ ጠብሰው ይብሉት። ለእንግዳ የሚቀርብ አይደለም እንጂ ጣዕሙ አይከፋም።

ደረጃ 11፦ ማውጣት

1. ኬኩን ከነመጋገሪያው የሽቦ መደርደሪያ ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ያሳርፉ። ሰዓት ይያዙ። ቀድመው ከገለበጡት ይሰበራል፤ ግማሽ ሰዓት ከተዉት ስኳሩ ይረጋና ይጣበቃል።
2. ቀጭን ቢላ በቱቦው ዙሪያ ብቻ ያዙሩ። የተሸነሸነ ቅርጽ ያለው መጋገሪያ ከሆነ ዳሩን አይንኩ።
3. መደርደሪያውን ላዩ ላይ ደፍተው በአንድ ጊዜ ይገልብጡት። መጋገሪያውን ቀስ ብለው ያንሡ።

*አልወጣም ካለ፦* አይነቅንቁ፣ በቢላ አይቆፍሩ። በሙቅ ውኃ የተነከረና የተጨመቀ ፎጣ በተገለበጠው መጋገሪያ ላይ አምስት ደቂቃ ያልብሱ። ካልሆነ ሞቅ ባለ ኦቨን ውስጥ ለሦስት ደቂቃ መልሰው እንደገና ይሞክሩ። ተቆርሶ የቀረ ቁራጭ ካለ ኬኩ ትኩስ እያለ መልሰው በቦታው ይጫኑት፤ ሲቀዘቅዝ ይይዛል።

ከመቁረጥዎ በፊት ሁለት ሰዓት ይጠብቁ። በትኩሱ የተቆረጠ ፓውንድ ኬክ ውስጡ ያልበሰለ ይመስላል፤ ብዙ ሰው በደንብ የበሰለውን ኬክ ጥሬ ነው ብሎ የሚኮንነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁንም ካልሆነ

*መሐሉ ሰምጧል፦* በከፍታ ቦታ ከሆኑ መጀመሪያ ሶዳውን፣ ቀጥሎ ስኳሩን ይጠርጥሩ። በሚቀጥለው ጊዜ ስኳሩን ሌላ 30 ግራም ይቀንሱ። በዝቅተኛ ቦታ ከሆኑ ቀድሞ መውጣቱ ወይም የኦቨኑ በር መከፈቱ ነው።

*ግርጌው ላይ ጠቆር ያለ፣ ያልተነሣ እርጥብ መስመር አለ፦* ቅቤው ቀልጦ ነበር ወይም ኬኩ ትንሽ ጊዜ ጎድሎታል። የደቡብ ሰዎች እንዲህ ያለውን ኬክ «ያዘነ» ይሉታል፤ ያንን መስመር ለይተው የሚወዱትም አሉ። ስለዚህ እንግዳው ደቡባዊ ከሆነ ይቅርታ አይጠይቁ።

*ቅርፊቱ ወፍሮ ከውስጡ ተለይቷል፦* ከእንቁላሉ በኋላ ከመጠን በላይ ተመቷል። እንቁላሉ እንደጠፋ ያቁሙ።

*ደርቋል፦* ዱቄቱ በካፕ ተጠቅጥቆ ተለክቷል፣ ወይም ኦቨኑ ከሚለው በላይ ይሞቃል። ኬኩን ለማዳን 100 ግራም ስኳር በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ አፍልተው፣ ትንሽ ሎሚ ጨምረው፣ ኬኩን በስንጥር ወጋ ወጋ አድርገው ያጠጡት።

*የጾም አድርጌ ብሠራውስ?* ቅቤውንና እንቁላሉን ካወጡ ከአሠራሩ የሚቀር ነገር የለም። በዘይት የሚሠራ ሌላ ኬክ ይፈልጉ፤ ይህን ለፍስክ ያቆዩት።

ማስቀመጥ

ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ በፕላስቲክ አጥብቀው ጠቅልለው ከማቀዝቀዣ ውጭ ያስቀምጡ። በማግስቱ ቅርፊቱ ይለሰልሳል፣ ቫኒላውም ይጎላል፤ ለአራት ቀን ያህል ይቆያል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ያደርቀዋል፤ ረጅም ጊዜ ለማቆየት ከፈለጉ በቁራጭ በቁራጭ ጠቅልለው በረዶ ቤት ያስገቡት፤ እስከ ሁለት ወር ይቆያል። ላዩ ላይ ነገር የግድ ከፈለጉ 120 ግራም የተፈጨ ነጭ ስኳር በሁለት የሾርባ ማንኪያ አሬራ በጥብጠው፣ ኬኩ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ያፍስሱበት፤ በትኩሱ ካፈሰሱት ቀልጦ ሳህኑ ላይ ይቀራል።